ለአሮጌ ኮምፒውተር የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሻላል? ደኅንነትን በተመለከተ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጥገና እጄ የሚገቡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሁለተኛ ዕድሜያቸው ላይ ያሉ ናቸው። አንዱ ዱባይ ቢሮ አገልግሎ በነጋዴ ጭነት የመጣ፣ ሌላው ከአሜሪካ በአክስት ሻንጣ የገባ። አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ኪቦርዳቸው ከአዲሶቹ ይመቻል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «ምን ልጫንበት?» መልሱ እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ መነሻው ግን አይለያይም። መድኃኒት ስንገዛ ጀርባው ላይ የሚያበቃበትን ቀን እናያለን። ኦፕሬቲንግ ሲስተምም (እንደ ዊንዶውስ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም) የሚያበቃበት ቀን አለው፤ እኔ ፍጥነቱንና መልኩን ከማየቴ በፊት ይህን ቀን ነው የማየው። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ ጠቅሻለሁ።)

ኮምፒውተሩ ያለ ችግር እየሠራ ነው፤ ለምን እቀይራለሁ?

መሥራትና መጠበቅ ለየቅል ናቸው። በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ በየጊዜው የደኅንነት ክፍተት ይገኛል። ሠሪው ድጋፍ እየሰጠ ከሆነ ክፍተቱን የሚደፍን አፕዴት ይልካል፤ ድጋፉ ካበቃ ክፍተቱ እንደተከፈተ ይቀራል። የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ የአሮጌውና የአዲሱ ዊንዶውስ የውስጥ ኮድ ብዙው የጋራ ነው። ለአዲሱ አፕዴት በወጣ ቁጥር ጠላፊው ፈታቶ የተደፈነው የቱ ጋ እንደሆነ ያያል፤ ከዚያ ያው ቀዳዳ አሮጌው ላይ መኖሩን ይሞክራል።

ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሣውን ዋናክራይ ያስታውሱ ይሆናል። ፋይል ቆልፎ መክፈቻውን በቢትኮይን የሚሸጥ ተንኮል ነበር፤ ወደ 150 አገሮች ሲዳረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም «የተመታው ኤክስፒ ነው» ይላል። አይደለም፤ ከተያዙት የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ፤ እሱም ያኔ ገና ድጋፍ ላይ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከጥቃቱ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በማርች ወጥቷል። «ኔት ይበላብኛል» ብሎ አፕዴት የዘጋ ሰው ነው የተያዘው። ስለዚህ «ኮምፒውተሬ አርጅቷልና አደጋ ላይ ነኝ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ማሽኑ በ2012 የተሠራ ሆኖ ሲስተሙ በየሳምንቱ የሚጠገን ከሆነ፣ አፕዴት ከተዘጋበት የዘንድሮ ላፕቶፕ ይሻላል።

ጊዜያቸው ያለፈው የትኞቹ ዊንዶውሶች ናቸው?

ኤክስፒ ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ዊንዶውስ 7 ጃንዩወሪ 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 8.1 ጃንዩወሪ 10 ቀን 2023፣ ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ሲስተሙ ሲቆም ብራውዘሩም ተከትሎ ይቆማል፤ ክሮም ለ7 እና ለ8.1 የመጨረሻው 109ኛው ነው፣ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አልመጣላቸውም። አንቲቫይረስ መጫን ይህን አያካክሰውም። የቤቱ በር ተነቅሎ ዘበኛ እንደ መቅጠር ነው፤ ዘበኛውም አንዳንዴ ይተኛል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ነኝ። ትንሽ ጊዜ ማግኘት አልችልም?

ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የደኅንነት አፕዴት ብቻ የሚቀጥልበት ማራዘሚያ አዘጋጅቷል፤ የሚያበቃውም ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ነው። ለመመዝገብ ዊንዶውሱ 22ኤች2 የተባለው ዕትም መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። የመመዝገቢያ ሊንኩ ያለው ሴቲንግስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ነው። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ወደ አካውንትዎ እንዲገለበጥ ከፈቀዱ በነፃ ያልፋል። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን፣ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ እስከሆኑ ድረስ፣ ያለ ክፍያ ነው የሚያገኙት። ይህን እንደ መፍትሔ አይዩት፤ ፋይልዎን ለመሰብሰብና ቀጣዩን ለመምረጥ የተሰጠ ፋታ ነው።

«ዊንዶውስ 11 በዘዴ ይጫናል» ይሉኛል። ልሞክር?

መጫኑ ይጫናል። ዊንዶውስ 11 በሕጉ መሠረት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡትና በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ሩፉስ የተባለው ፍላሽ ማዘጋጃ ይህን ፍተሻ አልፎ እንዲጫን ማድረግ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከተጫነ በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ማሽን አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ወርኃዊዎቹ ብዙ ጊዜ ይመጣሉ፤ በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ግን በራሱ አይመጣም። ለቤትና ለፕሮ እያንዳንዱ ትልቅ ዕትም የሚደገፈው ለ24 ወር ብቻ ስለሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልግዎታል። ራስዎ የሚችሉ ከሆነ ይሞክሩ። ለእናትዎ ወይም ለሱቅ ሠራተኛ ከሆነ አልመክርም፤ ቀኑ ሲያልፍ ማንም አያስታውሰውም። ኮር 2 ዱዎ የሚባሉት ላይ ደግሞ 24ኤች2 ከተባለው ዕትም ጀምሮ ጭራሽ አይነሣም፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈለገውን ትእዛዝ አያውቀውም።

የእኔ ማሽን ምን መሸከም እንደሚችል በምን አውቃለሁ?

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብለው ይግቡ። ሦስት ነገር ይመልከቱ።

አንደኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ለምሳሌ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ዴል ላቲቱድ ኢ6430 ላይ «ኮር አይ5-3320ኤም» የሚል ያያሉ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን ይነግርዎታል፤ እዚህ ላይ 3 ነው፣ ሦስተኛ ትውልድ፣ የ2012 ሥሪት። ከሰረዙ በኋላ አምስት አኃዝ ካለ ወይም ቁጥሩ በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይውሰዱ፤ ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ አንደኛ ትውልድ ነው። ሻጩ «አይ7 ነው» ሲልዎት ዝም ብለው ቁጥሩን ያንብቡ፤ የ2ኛ ትውልድ አይ7 ለዊንዶውስ 11 አይሆንም፣ የ8ኛ ትውልድ አይ3 ግን ይሆናል።

ሁለተኛው «64 ቢት» ይል እንደሆነ ነው። ዊንዶውሱ 32 ቢት ሆኖ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት የሆነባቸው ብዙ አጋጥመውኛል፤ የሚቆጠረው የፕሮሰሰሩ ነው።

ሦስተኛው ራም ነው። 4 ጊጋባይት መነሻ ነው፣ 8 ጊጋባይት ምቾት ነው። የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው፣ ዓይነቱ ብዙ ነው) ሠሪዎች 2 ጊጋባይት ይበቃል ይላሉ፤ ሲስተሙን ለማስነሣት ልክ ናቸው፣ ብራውዘር ሲከፈት ግን አብሯቸው የሚጠብቅ ሰው የለም።

ከዚህ ውጪ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከደኅንነት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፣ ግን ይገናኛል። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥተው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ ያስገቡ። ኢ6430 ላይ ከሥር ጥቂት ብሎኖች ፈትተው ዲስኩን በጎን በኩል ስበው ያወጡታል። አፕዴት ለመጫን አርባ ደቂቃ የሚያንጎራጉር ማሽን ባለቤት አፕዴት መዝጋት ይለምዳል።

ታዲያ የትኛውን ትመክራለህ?

4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ላለው፣ ለአብዛኛው ሰው፣ ሊኑክስ ሚንት፤ ከሦስቱ ዓይነቶች ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን። መልኩ ለዊንዶውስ 7 ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ። ሚንት 22 የቆመው ኡቡንቱ በተባለው ሌላ ሊኑክስ 24.04 ዕትም ላይ ሲሆን የደኅንነት አፕዴት የሚያገኘው እስከ 2029 ነው። ዛሬ ጭነው ለረጅም ጊዜ ረስተውት መኖር ይችላሉ ማለት ነው፤ መርሳት ሲባል ግን አፕዴቱ በራሱ እንዲሄድ አድርገው ነው።

ቀኑን የበለጠ ማራቅ ለሚፈልግና ትንሽ ለማንበብ ለማይሰንፍ ደቢያን አለ። ደቢያን 13 የወጣው ኦገስት 9 ቀን 2025 ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ 2030 ይዘልቃል። ደቢያን አዲስ ነገር ቶሎ አያስገባም በሚል ይታማል። እኔ ለአሮጌ ማሽን የምወደው በዚሁ ነው። በማርች 2024 ኤክስዜድ የተባለ፣ ማንም ልብ የማይለው ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር (ጠላፊ በድብቅ የሚገባበት ቀዳዳ) ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ከርቀት ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር ደረሰበት። በየቀኑ አዲሱን የሚያስገቡት ሲስተሞች የተበከለውን ዕትም አስገብተውት ነበር፤ ደቢያን የሙከራ ክፍሉ ተነካ እንጂ ለሕዝብ የወጣው ዝግተኛው ዕትም አልደረሰበትም።

ሉቡንቱ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ድጋፉ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ 24.04 ሲጫን ቀኑ 2027 መሆኑን ይወቁ።

ከኢንተርኔት ውጭ ምንም ለማይሠራበት ሰው የጉግል ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ጥሩ ነው። 4 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፤ አፕዴቱን ሰው ሳይነካው ራሱ ይጭናል። ሁለት ነገር ግን ይያዙ፦ የአንድሮይድ አፖችን አያስኬድም፤ ጉግል ባወጣው የሞዴሎች ዝርዝር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ የማብቂያ ዓመት አለው። ከመጫንዎ በፊት የእርስዎን ሞዴል ፈልገው ዓመቱን ይዩ። ኔት በሚቆራረጥበት ቤት ግን አላስገባውም።

ኩቢስ ወይም ቴይልስ ከሁሉም የተጠበቁ ናቸው ሲሉ ሰማሁ።

ልክ ሰምተዋል፤ ለእርስዎ ማሽን ግን አይደሉም። ኩቢስ ሥራዎን በተለያዩ ምናባዊ ኮምፒውተሮች ከፋፍሎ ነው የሚጠብቀው፤ የሚመከርለት ራም 16 ጊጋባይት ነው። ቴይልስ ከፍላሽ ተነሥቶ ሲዘጋ ሁሉን የሚረሳ ነው፤ ጋዜጠኛ ወይም የሚከታተለው አካል ያለ ሰው ይጠቀምበት። ለደብዳቤ፣ ለፊልምና ለልጆች የቤት ሥራ አይሆንም።

ማሽኔ 32 ቢት ነው።

እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ በሩ እየተዘጋ ነው። ኡቡንቱና ሚንት ትተውታል። ደቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ አላወጣም፤ 12 የመጨረሻው ነው፣ የረጅም ጊዜ ድጋፉ ደግሞ በጁን 2028 ያበቃል። በደቢያን ላይ የቆመው አንቲኤክስ ለእንዲህ ያለ ማሽን የተሠራ ስለሆነ ከሞከርኳቸው ሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ፐፒ የተባለውን ብዙ ሰው ያወድሰዋል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ሲጠቀሙበት ሙሉ ሥልጣን ይዘው ነው፣ እንደ አስተዳዳሪ። ባንክ የሚገቡበት ማሽን ላይ ይህን አልፈልግም። ሊኑክስ ላልሆነው ሌላ ነፃ ሲስተም፣ ለኦፕንቢኤስዲ፣ የሚደፍር ካለ አሁንም 32 ቢት ይደግፋል፤ ለጀማሪ ግን ገደል ነው።

ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም፣ እውነት ነው?

አይደለም። ሊኑክስ ሰርቨሮች በየቀኑ ይጠቃሉ። የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚያጋጥሙን ቫይረሶች ግን አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተጻፉ ስለሆኑ ሊኑክስ ላይ አይሮጡም። ፍላሽ ከማተሚያ ቤት ወይም ከኮፒ ቤት ይዞ የተመለሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ አንዱን ሲጫን ቫይረሱ ይነሣል። ያንኑ ፍላሽ ሚንት ላይ ሰክቼ ለባለቤቱ ሳሳየው ሁሌ ይገርመዋል። «ጠፋ» ያለው ፋይል ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዊንዶውስ «ደብቅ» የሚል ምልክት ስለተደረገበት ነው ያላሳየው፤ ሊኑክስ ለዚያ ምልክት ደንታ የለውም። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጥና ፍላሹን ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ሾርትከቱን ግን ለሌላ ሰው ዊንዶውስ እንዳላስተላልፍ እጠነቀቃለሁ፤ ሊኑክሱ ባይታመምም ተሸካሚ ሊሆን ይችላልና።

የውሸት የባንክ ገጽ፣ በቴሌግራም የመጣ ሊንክ፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለው መልእክት ግን ሲስተም አይመርጥም። ፓስወርድዎን በእጅዎ ከሰጡ ሚንትም ደቢያንም አያድንዎትም።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 10 ብቻ ብጠቀምስ?

አክቲቬተሩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቅዎትን ያስታውሱ፦ «አንቲቫይረሱን ያጥፉ»። የማያውቁት ሰው የሠራው ፕሮግራም፣ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት፣ ጠባቂው ተኝቶ ይገባል። አንዳንዱ ከዚያ ቀጥሎ አፕዴቱንም ይዘጋል፤ አክቲቬሽኑ እንዳይጠፋ። ሚንት ነፃ ሆኖ ሳለ ይህን ዕዳ ለምን እንደሚሸከሙ አይገባኝም። ፍርዴ ይጠነክራል የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ ይሁን።

አማርኛ መጻፍ እችላለሁ?

አዎ። አይባስ የተባለውን የቋንቋ ማስገቢያ ኤም17ኤን ከሚባለው ጥቅል ጋር ሲጭኑ አማርኛ ይወጣል፤ በእንግሊዝኛው ፊደል «ሰ-ላ-ም» ብሎ በድምፅ መጻፍ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኪማን የለመዱ ደግሞ የሊኑክሱን ኪማን ማውረድ ይችላሉ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ይጨምሩ።

ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ግን ሊበላሹ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን መልክ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ከሌለ የሚያዩት ዝብርቅርቅ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ከመቀየርዎ በፊት ዊንዶውሱ ላይ እያለ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት። ለአማርኛ መጻፊያ ብለው ከቴሌግራም ቻናል የሚያወርዱት «ሙሉ ዕትም» ደግሞ ያው ከላይ የተናገርኩት ክራክ ነው።

የሒሳብ ሥራዬ በፒችትሪ ነው። እሱ ሊኑክስ ላይ አይሠራም።

አይሠራም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን ዋይንን ይዞ «በዋይን ይሠራል» ብሎ ለአንድ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አላየሁም። ያለው መፍትሔ ሥራውን መክፈል ነው። አንድ የማውቃቸው የሒሳብ ባለሙያ ሁለት ላፕቶፕ አላቸው። አንደኛው አሮጌ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ፒችትሪ ብቻ አለበት፣ ዋይፋይ ካርዱን እኔው ነቅዬዋለሁ፣ የኔትወርክ ሶኬቱ ላይ በፕላስተር «አይሰካም» ተብሎ ተጽፏል። ኢሜይል፣ ቴሌግራምና ባንክ በሁለተኛው፣ ሚንት በተጫነበት። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው አንድ ፍላሽ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሰካም። ፍላሹ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፣ ለማንም አይዋስም ይላሉ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው ሊኑክስ ውስጥ ዊንዶውስን በቨርቹዋልቦክስ ከፍቶ ኔቱን መዝጋትም ይችላል፤ ነጥቡ ያው ነው።

ያወረድኩት መጫኛ እውነተኛው መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ይህን የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ሁሉም ነው። ፌብሩወሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ራሱ ተሰብሮ ነበር። ጠላፊዎቹ የ17.3 ሲናመን ዕትም ማውረጃ ሊንክ የኋላ በር ወዳለበት ፋይል እንዲያመለክት አደረጉት። በዚያን ቀን ከትክክለኛው አድራሻ ያወረደ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ሆኖም ተበክሏል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከመጫኛው ፋይል ጋር የሚቀመጥ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር አለ፣ ሻ256 ይባላል። ያወረዱትን ፋይል አስልተው የሚያገኙት ድርድር ከተለጠፈው ጋር አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። ሩፉስ ላይ ፋይሉን ከመረጡ በኋላ የቼክ ምልክቷን ሲጫኑ ያሰላልዎታል። ድርድሩን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በስልክዎ ዳታ ያንኑ ፋይል ግልባጭ ከሚያስቀምጥ ሌላ ሰርቨር (መስተዋት ይባላል) ከፍተው ያወዳድሩ፤ ገጹ ከተሰበረ የተለጠፈውም ድርድር ሊቀየር ይችላልና። ከጓደኛ በፍላሽ የተቀበሉትንም እንዲሁ ይፈትሹ። ኔት ውድ ስለሆነ መቀባበሉ ነውር የለውም፤ ሳይፈትሹ መጫኑ ነው ነውሩ።

ስጭን ፋይሌ ይጠፋል?

በጥንቃቄ ከሆነ አይጠፋም። መጀመሪያ ባክአፕ ያድርጉ፤ ከዚያ ባክአፑ ያለበትን ዲስክ ከኮምፒውተሩ ይንቀሉት። ይህን ሁለተኛውን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የጓደኛዬን ላፕቶፕ ስጭን የሠርጉን ፎቶ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩ፣ ዲስኩን እንደተሰካ ትቼ መጫን ጀመርኩ። መጫኛው «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ሲያቀርብልኝ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዲስክ ነበር፤ ሁለቱም 500 ጊጋባይት። የተሳሳተውን መረጥኩ። በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ከፎቶው ግማሽ ያህሉ ተመለሰ፤ ኬኩ ሲቆረስ የተነሣው የለበትም። እስካሁን ቤታቸው ስሄድ የፎቶ አልበም አይወጣም።

ከመጫንዎ በፊት ከፍላሹ አስነሥተው ሳይጭኑ ይሞክሩት። ዴል ላይ ማሽኑ ሲበራ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው መሥራቱን ይዩ። ዋይፋይ ካልያዘ አይደንግጡ፤ ስልክዎን በኬብል ሰክተው ዩኤስቢ ቴተሪንግ ይክፈቱ፣ በዚያ ኔት ድራይቨሩን ያወርዳል።

ከጫንኩ በኋላ ምን ላድርግ?

ሚንት ላይ አፕዴት ማኔጀርን ይክፈቱ፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብተው አፕዴቱ በራሱ እንዲጫን ያድርጉ። ቀጥሎ ሜኑ ላይ ፋየርዎል ብለው ይፈልጉና ማብሪያውን ያብሩ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሶፍትዌር ከሲስተሙ ሶፍትዌር ማኔጀር ብቻ ይውሰዱ።

ላፕቶፕ ከሆነና ታክሲ ውስጥ ይዘውት የሚዞሩ ከሆነ ሲጭኑ ዲስኩ እንዲመሰጠር ያድርጉ። ፓስወርድ የሌለው ሌባ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው ምንም አያነብም። ሁለት ማስጠንቀቂያ፦ ኮር 2 ዱዎና ብዙዎቹ አሮጌ ፔንቲየሞች ምስጠራን የሚያፋጥነው ትእዛዝ ስለሌላቸው ይዘገያሉ፤ ከ2ኛ ትውልድ አይ5 ወዲህ ያሉት ግን ልዩነቱ አይታወቃቸውም። ሌላው፣ የዲስኩን ፓስወርድ በአማርኛ ፊደል አያድርጉት። ማሽኑ ሲነሣ ፓስወርዱን የሚጠይቀው የአማርኛ መጻፊያው ገና ሳይነሣ ነው። ፓስወርዱ ከጠፋ እኔም ሠሪዎቹም ልንከፍተው አንችልም፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቤት ካርታው ጋር ያስቀምጡት።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ቀዳዳ አለበት ይባላል።

እውነት ነው። በጃንዩወሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት ይፋ ሆኑ። ኢንቴል ለብዙዎቹ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) ማስተካከያ ሲያወጣ ለኮር 2 ዘመን ፕሮሰሰሮች ግን አላወጣም አለ። ሊኑክስና ብራውዘሮች በበኩላቸው መከላከያ ስላስገቡ የቤት ተጠቃሚ በዚህ እንቅልፍ አይጣ። የይዞታ ሰነድ ወይም የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያዝበት ቢሮ ከሆነ ግን ኮር 2 ዱዎን ጡረታ ማውጣት ነው።

የአፕል አሮጌ ማክ ኮምፒውተሮችስ?

አፕል የማብቂያ ቀን አስቀድሞ አያሳውቅም፤ ልማዱ የቅርብ ሦስቱን ዕትሞች መጠገን ነው። ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር አዲሱን ማክኦኤስ አሮጌ ማክ ላይ ይጭናል፤ ለዚያ ሲል ግን ከሲስተሙ ጥበቃዎች አንዳንዶቹን ያላላል። የኢንቴል ማክ ላይ ሚንት ጥሩ ይሄዳል፤ ከ2018 እስከ 2020 የተሠሩት፣ ቲ2 ቺፕ ያለባቸው፣ ያስቸግራሉ።

ማሽኑ ከንግዲህ ለምንም ካልሆነ ልሽጠው?

ዲስኩን አውጥተው ይሽጡት። «ፎርማት አድርጌዋለሁ» የሚለው አይበቃም፤ ከላይ የነገርኳችሁ የሠርግ ፎቶ ግማሹ የተመለሰው ከተደመሰሰ ዲስክ ላይ ነው። ገዢው ከነዲስኩ ካልሆነ አልፈልግም ካለ፣ ሚንትን ከፍላሽ አስነሥተው ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ይክፈቱ፣ ዲስኩን ከመረጡ በኋላ ፎርማት ሲያደርጉ በዜሮ ሙላው የሚለውን ይምረጡ። 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ዲስክ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ቻርጀሩን ሰክተው ይተዉት።